የእማዬን የጤና መድን ላድስ ወይስ ይቅር? ጤና ጣቢያ የምትጠቀሙ ሰዎች በናታችሁ

ሰባ_ደረጃ | ሰኞ ማታ 2:40

ሰላም የሰፈር ሰዎች እንዴት አመሻችሁ። ነገሩ እንዲህ ነው፣ እማዬ 67 ዓመቷ ነው፣ ግፊትም ስኳርም አለባት፣ የምንኖረው ፒያሳ አካባቢ ከ6 አባወራ ጋር አንድ ግቢ ነው። የማህበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ከገባች ሦስት ዓመቷ ሆነ፣ አሁን ማደሻው ደርሶ ከወረዳ ደውለውልናል። ወንድሜ "ተዉት ብር ማቃጠል ነው፣ እኔ የግል ክሊኒክ እከፍልላታለሁ" ይላል። እኔ ግራ ገብቶኛል።

ያለፈውን ወር ልንገራችሁና ፍረዱ። ጠዋት 1:30 ደረስን። ካርድ ክፍል ተሰለፍን፣ ካርዷ የለም ተባለ፣ አይ አለ ተባለ፣ አንድ ልጅ ወንበር ላይ ቆሞ ከላይኛው መደርደሪያ አወረደው። ከዛ ግፊት ለመለካት ሰልፍ፣ ሐኪም ጋ ሰልፍ፣ ላብራቶሪ ስንደርስ "የስኳር ኬሚካሉ አልቋል"፣ ፋርማሲ ስንደርስ ከታዘዙት ሦስት መድኃኒቶች ያለው አንዱ ብቻ። ስንወጣ 6:20 ሆኗል፣ እማዬ ለምርመራው ብላ ቁርስ አልበላችም፣ በሩ ላይ ካለችው ልጅ ብስኩት ገዝቼ አበላኋት። እኔ ከስራ ቀርቼ ነው ይሄ ሁሉ።

ግን እቤት ገብተን "በቃ ይቅርብሽ" ስላት ፊቷ ጥቁር አለ። "ሲስተርስ?" አለችኝ። ሲስተር የምትላት ቤት ለቤት የምትዞረዋን የጤና ኤክስቴንሽን ነው። መጥታ ግፊቷን ትለካታለች ቡና ትጠጣለች ትሄዳለች፣ እኔ እስከማውቀው ሌላ የምትሰራው ነገር የለም። እና ጥያቄዬ፣ ይሄ ጤና ጣቢያ የሚባል ነገር በእውነት ምን ይጠቅመናል? ላድስ ወይስ ልተወው?


አራት_ኪሎ_ማኪያቶ | ሰኞ ማታ 2:58

ተወው ወንድሜ። ጤና ጣቢያ ማለት ሰልፍና ፓራሲታሞል ነው። ራስህን ቢያምህም ፓራሲታሞል፣ እግርህን ቢያምህም ፓራሲታሞል። ኤክስቴንሽን የምትላቸው ደግሞ ፎርም ሊሞሉ ነው የሚመጡት፣ "ስንት ሰው ይኖራል፣ ሽንት ቤት አላችሁ፣ እጅ ትታጠባላችሁ" ብለው ጽፈው ይሄዳሉ። ድሮ አንድ ለአምስት ምናምን ብለው ስማችንን ሲሰበስቡ የነበሩት ናቸው እኮ እነዚህ።


ሰባ_ደረጃ | ሰኞ ማታ 3:05

እህትህ ነኝ ሃሃሃ ወንድምህ አይደለሁም


አራት_ኪሎ_ማኪያቶ | ሰኞ ማታ 3:06

ይቅርታ እህቴ። ምክሩ ግን ያው ነው ተዪው


አባ_ደረሰኝ | ሰኞ ማታ 3:31

እህቴ ከመተውሽ በፊት ቁጭ ብለሽ አስቢው። መጀመሪያ ሁለት ነገር አደባልቀሻል። ኤክስቴንሽኗ ከመድኑ ጋር አትገናኝም፣ አደስሽም አላደስሽም ትመጣለች፣ እሷ የመንግስት ተቀጣሪ ነች አገልግሎቷም ነጻ ነው። ስለዚህ እናትሽን በሱ አታስጨንቂያት።

መድኑን በተመለከተ የኔን ልንገርሽ። አባቴ ፕሮስቴት ታሞ ነበር። እኔም እንዳንቺ ጤና ጣቢያ ምን ያደርጋል ብዬ በቀጥታ የግል ሆስፒታል ወሰድኩት፣ ለኦፕራሲዮኑ የጠሩልኝን ብር ሰምቼ ደረጃው ላይ ቁጭ አልኩ፣ እውነቴን ነው ጉልበቴ ከዳኝ። አንድ ጎረቤት "መድን የለውም እንዴ" ስትለኝ ነው ትዝ ያለኝ። ተመለስኩ፣ ጤና ጣቢያ አየው፣ ሪፈር ጻፈለት፣ የመንግስት ሆስፒታል ወረፋ ጠበቀ (አዎ ጠበቀ፣ አልዋሽሽም፣ በካቴተር፣ በሽንት ቱቦ ማለቴ ነው፣ አንድ ወር ከምናምን ተቀምጧል) ግን ተሰራለት። ኦፕራሲዮኑን፣ አልጋውን፣ ላብራቶሪውን አልከፈልንም። የከፈልነው ለታክሲና እዛ ያልነበረ አንድ መድኃኒት ነው።

ዋናው ሪፈሩ ነው። ሰው እዚህ ጋ ነው የሚሳሳተው። በቀጥታ ሆስፒታል ከሄድሽ መድኑ አይሰራልሽም፣ ከጤና ጣቢያሽ ወረቀት መያዝ አለብሽ። ድንገተኛ ካልሆነ ማለቴ ነው። መነጽር አይሸፍንም፣ ሰው ሰራሽ ጥርስ አይሸፍንም፣ ለውበት የሚሰራ ኦፕራሲዮን አይሸፍንም። ግፊትና ስኳር ላለባት የ67 ዓመት ሴት ግን መተው ማለት... እኔ እንጃ። ወንድምሽ ክሊኒክ እከፍላለሁ ያለው ለግፊት መለኪያና ለኪኒን ነው። ነገ ኩላሊት ቢሆንስ? ይጥፋ ይሄ ነገር ግን ስኳር እኮ ነው።


ዕቃ_በቅናሽ | ሰኞ ማታ 4:10

ዲጂታል የግፊት መለኪያ ኦሪጅናል በታላቅ ቅናሽ ያሉበት እናደርሳለን ውስጥ መስመር ያናግሩን


አወያይ | ሰኞ ማታ 4:22

ማስታወቂያ የተከለከለ ነው። ሁለተኛ ማስጠንቀቂያ።


ነጭ_ጋዋን | ማክሰኞ ጠዋት 12:50

እንደምን አደራችሁ። ማታ አይቼው ነበር፣ ተበሳጭቼ ስለነበር ሳልጽፍ ተኛሁ። እኔ ከነዚያ "ፎርም ሊሞሉ ከሚመጡት" አንዷ ነኝ፣ መሃል ከተማ ውስጥ ነው የምሰራው፣ ወረዳዬን አልናገርም።

ማኪያቶ፣ የተናገርከው ውሸት ነው ልልህ አልችልም። ፎርም አለ፣ ብዙ ፎርም አለ፣ አንዳንድ ሳምንት ከሰው ይልቅ ከወረቀት ጋር ነው የምውለው። ሪፖርት አርብ ይደርሳል ከተባለ ሐሙስ ቀን ያየኋቸው ቤቶች በእውነቱ አላየኋቸውም፣ በሩ ላይ ቆሜ "ደህና ናችሁ?" ብዬ ነው ያለፍኩት። ይሄን ስል አላፍርም፣ እንዲታወቅ ነው።

ግን ስራው ምን እንደሆነ አብዛኛው ሰው አያውቅም፣ ቢያውቅ እኛንም በደንብ ይጠይቀን ነበር። የጤና ኤክስቴንሽን ገጠር በ1995 ሲጀመር 10ኛ ክፍል የጨረሱ የዛው ቀበሌ ሴት ልጆች አንድ ዓመት ሰልጥነው ነው ወደ መንደራቸው የተመለሱት፣ ለአንድ ቀበሌ ሁለት ሆነው። ከተማ ላይ በ2002 ሲጀመር ግን ነርሶች ነን የተቀጠርነው፣ ለአንዳችን 500 አባወራ ግድም ተብሎ ነው የታሰበው። 500 አባወራ ማለት ምን ማለት እንደሆነ መሃል ከተማ ኑራችሁ ታውቁታላችሁ፣ አንዷ ቆርቆሮ በር ስትከፈት ከኋላዋ ስምንት ቤት አለ፣ ተከራይ አለ፣ ደባል አለ፣ ገና ከገጠር የመጣች የቤት ሰራተኛ አለች። የኔ ስራ ማን የት እንዳለ ማወቅ ነው። ነፍሰ ጡር የት አለች፣ ስንተኛ ወሯ ነው፣ ክትትል ጀምራለች ወይ፣ ክትባት ያቋረጠ ህጻን ማን ቤት ነው፣ አልጋ ላይ የቀረ ሽማግሌ ማን ነው። በኋላ ደግሞ የቤተሰብ ጤና ቡድን የሚባል መጣ፣ ከኛ ጋር ሐኪም ወይም ጤና መኮንን ሆነው ቤት ድረስ ይወጣሉ፣ ሁሉንም ቤት እኩል አይደለም የምናየው፣ አቅም የሌላቸውና ነፍሰ ጡር፣ ህጻን ወይ የቆየ በሽታ ያለባቸው ቤቶች ይቀድማሉ። ቪላ ያላቸው ሰዎች "እኛ ጋ ማንም መጥቶ አያውቅም" የሚሉት አንዱ ለዚህ ነው። ሌላው ደግሞ ውሻቸው ነው፣ እሱን ተዉት።

አንድ ብቻ ልንገራችሁና ወደ ስራ ልሂድ። አንድ ግቢ ውስጥ ሴትዮዋን ግፊት እየለካሁ ከጎን ክፍል ሳል እሰማለሁ። "ማን ነው?" ስላት "ልጁ ነው፣ ብርድ መትቶት ነው፣ ሊስትሮ ነው" አለችኝ። ከስንት ጊዜ ጀምሮ? "ከጥምቀት ወዲህ።" ከጥምቀት ወዲህ ማለት ሁለት ወር ነው! ሳል ሁለት ሳምንት ካለፈ አክታ መመርመር አለበት። ልጁ እምቢ አለ፣ ስራ ይፈታብኛል አለ፣ በሦስተኛው ቀን እኔው ይዤው ሄድኩ። ቲቢ ነው። አንድ ክፍል ውስጥ ስንት ሆነው ነው የሚተኙት መሰላችሁ? አምስት። ሁሉም ተመረመሩ፣ አንዱ ተገኘበት። በዛው ግቢ የ2 ዓመት ህጻን ነበረች፣ እሷ እንዳይዛት የመከላከያ መድኃኒት ጀመረች። ልጁ 6 ወር መድኃኒቱን ጨረሰ፣ መጀመሪያ 2 ወር አራቱን ዓይነት ከዛ 4 ወር ሁለቱን። ሳንቲም አልከፈለም፣ ቲቢ ነጻ ነው፣ መድን ኖረም አልኖረም። እንግዲህ ያ ልጅ የግል ክሊኒክ ይሄድ ነበር? ሲሄድስ ክሊኒኩ ጎን ክፍል ያለችውን ህጻን ማን ብሎ ያውቃታል?

ደሞዛችንን እዚህ አላነሳውም፣ ጠዋት ነው።


አራት_ኪሎ_ማኪያቶ | ማክሰኞ ጠዋት 2:15

ሲስተር ይቅርታ፣ እንዲህ ከሆነ ቃሌን ግማሹን አንስቻለሁ። ግማሹ ይቆይልኝ። ፓራሲታሞሉ ይቆያል


የመንታ_እናት | ማክሰኞ ጠዋት 3:40

ሲስተር እዚህ ካለሽ የሆዴን ልጠይቅሽ። መንታ ልጆቼን ለክትባት ስወስድ ሁለቴ ነው የመለሱኝ። "ዛሬ አንከፍትም ሐሙስ ነይ" እያሉ። ሁለት ህጻን አዝዬ ቁልቁል ወርጄ ሽቅብ ስመለስ አስቡት። ዶሮ አይደለም እኮ ምን ማለት ነው አንከፍትም? ንቀት ነው የመሰለኝ፣ ተሳድቤ ነው የወጣሁት።


ነጭ_ጋዋን | ማክሰኞ ቀን 7:05

ሃሃሃ እናቴ ስድቡ ይገባናል፣ አስረድተን መመለስ ነበረብን። አየሽ የቢሲጂ ክትባት (ያቺ ክንድ ላይ ጠባሳ የምትተወዋ) አንድ ጠርሙስ ለ20 ህጻን ነው፣ የኩፍኝም ብዙ ጊዜ ለ10። ዱቄት ነው፣ በውሃው ከተበጠበጠ በኋላ ከ6 ሰዓት በላይ አይቆይም፣ ይደፋል። ስለዚህ ለአንድ ህጻን ከተከፈተ 19ኙ ይደፋል። ለዛ ነው ቀን ቆርጠው ህጻናትን የሚሰበስቡት። ያንቺ መንታ ናቸው ሁለት፣ አሁንም 18 ይደፋል።

ግን ይሄ ሰበብ መሆን የለበትም፣ ከሩቅ የመጣች እናት መልሶ መላክ ህጻኑን ማጣት ነው፣ ብዙዋ በዛው ትቀራለች። ትክክለኛው ነገር የወለደችውን ሴት ቀኑን አስቀድሞ መንገር ነው። የተወለደ ቀን፣ 6 ሳምንት፣ 10 ሳምንት፣ 14 ሳምንት፣ 9 ወር፣ ከዛ ሁለተኛው የኩፍኝ 15 ወር ላይ። የመጨረሻዋን ብዙ ሰው ይረሳታል፣ 9 ወር ላይ ጨረስኩ ይላል። ያንቺዎቹ ስንት ወራቸው ነው?


የመንታ_እናት | ማክሰኞ ቀን 7:20

17 ወር። በስመአብ። ጨርሻለሁ ብዬ ካርዱን ሻንጣ ውስጥ ከትቻለሁ


ነጭ_ጋዋን | ማክሰኞ ቀን 7:22

አልረፈደም፣ ካርዱን ይዘሽ ሂጂ። መጀመሪያ ደውለሽ ቀኑን ጠይቂ!


ጋሽ_ሳኒተሪያን | ማክሰኞ ማታ 1:30

ልጆቼ እንደምን አመሻችሁ። የልጅ ልጄ ነው ይሄን አንብብ ብሎ የሰጠኝ፣ የምጽፈውም እሱ ስልክ ላይ ነው ጣቴ ወፍራም ስለሆነ ስህተት ቢኖር ይቅርታ።

እኔ የጡረታ ሰው ነኝ፣ ሙያዬ ሳኒተሪያን ነበር። ዛሬ ይሄን ስም የሚያውቅ የለም። ደንቢያ ላይ በ1945 ወባ ገብቶ ሕዝብ ካለቀ በኋላ ነው መንግስት ጎንደር ላይ የሕዝብ ጤና ኮሌጅን በ1947 የከፈተው። ሐሳቡ እንዲህ ነበር። ሐኪም እስኪማር ብዙ ዓመት ይፈጃል አገሩ ሰፊ ነው፣ ስለዚህ ሦስት ዓይነት ሰው አብሮ ይሰልጥን፣ ጤና መኮንን፣ ኮሚኒቲ ነርስ፣ ሳኒተሪያን። ሦስቱም አንድ ጤና ጣቢያ ይመደባሉ። አንዱ የታመመ ያያል፣ አንዷ እናትና ልጅ ታያለች፣ ሦስተኛው ማለት እኔ ውሃ፣ ሽንት ቤት፣ ሥጋ ቤት፣ ጠጅ ቤት። እኔ የተመረቅሁት በ60ዎቹ መጀመሪያ ነው።

አዲስ አበባ ስመደብ መርካቶ ሥጋ ቤቶች ስገባ የማይሰድበኝ አልነበረም። ዝንብ ያለበት ሥጋ ላይ በረኪና ስደፋ አንዱ ቢላ ይዞ አሯሩጦኛል። ጠጅ ቤት ገብቼ ብርሌ የሚታጠብበትን ባልዲ አሳዩኝ እል ነበር፣ የጠጅ ቤቷ ባለቤት "ልጄ ጠጁን ጠጣና ባልዲውን ተወው" አለችኝ። አልጠጣሁም። ሁለተኛ ቀን ስሄድ ግን ሁለት ባልዲ አደረገች፣ ሦስተኛ ጊዜ ስሄድ ጠጣሁ።

ፈንጣጣ ከዚህ አገር በ1968 የጠፋው በሆስፒታል አይደለም። ሰው በእግሩ፣ በበቅሎ፣ አንዳንዱም በሄሊኮፕተር እየዞረ፣ የታመመ አለ ወይ እያለ ፎቶ እያሳየ፣ የታመመው ሲገኝ ዙሪያውን እየከተበ ነው። አሁን የምታነሷት ኤክስቴንሽን የዚያ ስራ ልጅ ነች። እናንተ ጤና ጣቢያ ስትሉ መርፌ ነው የምታስቡት፣ መርፌ ካልወጉኝ አልታከምኩም የሚል ሰው በኔም ጊዜ ነበር።


ሰባ_ደረጃ | ማክሰኞ ማታ 1:52

ጋሼ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ እድሜ ይስጥዎት። የጠጅ ቤቷን ነገር ለእማዬ አነበብኩላት በሳቅ ሞተች፣ "ያቺን ጠጅ ቤት አውቃታለሁ" ትላለች እኔ እንጃ


አራት_ኪሎ_ማኪያቶ | ማክሰኞ ማታ 2:10

ጋሼ ጥሩ ነው ግን የርስዎ ዓይነት ሰው አሁን የት አለ? የኛ ሰፈር ምግብ ቤቶችን ማን ያያቸዋል? በ2008 ክረምት አተት ሲነሳ ነው ሁሉም የተንጫጫው፣ ያኔ ቤት ለቤት ውሃ አጋር (የውሃ ማከሚያውን) እና ኦአርኤስ ይዘው ይዞሩ ነበር፣ ጥሬ ሥጋ አትብሉ ሰላጣ አትብሉ ተባልን፣ እኔ ራሴ ክትፎ ለበለብ በልቼ አላውቅም ያኔ ነው የጀመርኩት። ክረምቱ አለፈ፣ ያው ተረሳ።


ጋሽ_ሳኒተሪያን | ማክሰኞ ማታ 2:31

ልክ ነህ ልጄ። በሽታው ሲመጣ ያስታውሱናል።


የካሳንቺሷ | ረቡዕ ጠዋት 4:15

እኔ ከሌላ በኩል ልምጣ። እኛ በ2017 ካሳንቺስ ሲነሳ ነው የወጣነው፣ አሁን ያለነው ዳር ነው። ስለ ልማቱ ክርክር ውስጥ አልገባም፣ ቤቱ እንደውም ከድሮው ይሻላል ሽንት ቤቱ የራሳችን ነው። ግን ጤና ጣቢያ ምን እንደሆነ ያወቅሁት ያኔ ነው፣ ሲጠፋብኝ።

አባዬ ኢንሱሊን ነው የሚወጋው። ድሮ ጤና ጣቢያው ከቤታችን የ7 ደቂቃ መንገድ ነበር፣ ዘበኛው ሳይቀር "ጋሼ ቀጠሮዎት ነገ ነው" ይለው ነበር። ሰፈሩን ስንለቅ ማንም ትራንስፈር (የዝውውር ወረቀት) አጽፉ ያለን የለም፣ እኛም ዕቃ መጫን ላይ ነበርን። አዲሱ ቦታ ስንደርስ ጤና ጣቢያው "ካርድ የለውም፣ መድኑ የሌላ ወረዳ ነው" አሉ። ተመላልሼ ተመላልሼ ሁለት ወር። ሁለት ወር ሙሉ አባዬ ኢንሱሊኑን በኪሳችን እየገዛን ነበር፣ አንዳንድ ቀን ደግሞ እንዲበቃ ብሎ ራሱ ይቀንሰው ነበር ለኛ ሳይነግረን።

ከሁሉም ደግሞ መብራት ገና አልገባልንም ነበር፣ ፍሪጅ አይሰራም። ማን እንደደረሰልን ታውቃላችሁ? የድሮዋ ኤክስቴንሽናችን። ስልክ ቁጥሬ እሷ ጋ ቀርቶ "አባባ እንዴት ናቸው፣ ቀጠሮአቸው አልፏል" ብላ ደወለች። ፍሪጅ የለም ስላት "የሸክላ እንስራ ፈልጊ፣ ውስጡ አሸዋ አድርጊ፣ አሸዋውን አርጥቢው፣ ኢንሱሊኑን በላስቲክ ጠቅልለሽ መሃሉ ቅበሪው፣ ጥላ ውስጥ አስቀምጪው፣ በፍጹም ውሃ ውስጥ አትንከሪው" አለችኝ። እንስራ ከየት ላምጣ፣ ጀበና ብቻ ነው ያለኝ! ከጎረቤት ጠላ የምትጠምቅ ሴትዮ ተገኘች። ሦስት ሳምንት በሱ ቆየን። ትራንስፈሩንም እሷ ናት ሄዳ አጽፋ ፎቶ አንስታ የላከችልኝ፣ ስራዋ እንኳ አልነበረም፣ ከዝርዝሯ ከወጣን ቆይተናል።

እና ሰባ ደረጃ፣ እዛ እያለሽ ተጠቀሚበት። ከሰፈርሽ የምትነሺም ከሆነ፣ አደራ፣ ከዕቃው በፊት ትራንስፈሩን።


ነጭ_ጋዋን | ረቡዕ ቀን 6:40

ይሄን አንብቤ አልቅሻለሁ። የኔም ግማሽ ቤቶች ሄደዋል። መዝገቤ ላይ በእርሳስ "ለቋል" "ለቋል" "ለቋል" እያልኩ ነው የጻፍኩት።


አባ_ደረሰኝ | ረቡዕ ቀን 7:00

ስለ መድኃኒት እጥረቱ አንድ ነገር ልጨምር፣ ሰባ ደረጃ ሦስቱ ውስጥ አንዱ ብቻ ተገኘ ስላለች። የኔ አባት መድኃኒት ጤና ጣቢያ ሲጠፋ ማዘዣው ላይ ማህተም አድርገውልን ከነማ መድኃኒት ቤት ሄደን በመድኑ ወስደናል። ዝም ብላችሁ ወደ ግል ፋርማሲ አትሩጡ፣ "በመድን የት ነው የማገኘው" ብላችሁ ጠይቁ። ካልጠየቃችሁ ማንም አይነግራችሁም፣ ይሄ የኛ አገር ነገር ነው።


ሰባ_ደረጃ | ቅዳሜ ማታ 3:15

ሰዎች ተመልሻለሁ። ረጅም ነው ግን አንብቡልኝ።

ሐሙስ ኤክስቴንሽኗ ቤት ነበረች። እኔ ሁልጊዜ ስራ ላይ ስለሆንኩ አግኝቻት አላውቅም፣ ያን ቀን ግን ሆን ብዬ ቀረሁ፣ ምን እንደምትሰራ በዓይኔ ልይ ብዬ። ትንሽ ልጅ ነች፣ ከኔ ታንሳለች፣ ጀርባዋ ላይ የተማሪ ቦርሳ። ገብታ ጫማዋን አውልቃ ቁጭ አለች፣ መለኪያውን አላወጣችም። እማዬ ቡና እየቆላች ታወራላታለች፣ ስለ ግቢው፣ ስለ ጎረቤት ልጅ ሰርግ። እኔ በሆዴ ማኪያቶ እውነቱን ነው እላለሁ። ከዛ በወሬ መሃል "እማማ ኪኒኖቹን አምጧቸው እስኪ" አለቻት። እማዬ ከቁም ሳጥን ፌስታሉን አመጣች። ልጅቷ ፌስታሉን ገልብጣ አልጋው ላይ አንድ በአንድ ቆጠረቻቸው፣ የግፊቱን አምሎዲፒን ለብቻ፣ የስኳሩን ሜትፎርሚን ለብቻ። ከደብተሯ ላይ የተሰጡበትን ቀን አየች። "እማማ 11 ፍሬ ተርፏል" አለቻት።

እማዬ ዝም። ከዛ ወደኔ አየች፣ ከዛ ወደ መሬት። ምን ብትል ጥሩ ነው? ረቡዕና አርብ እየዘለለች ነው! ኪኒን ጾም ያስገድፋል ብላ። ባለፈው ሁዳዴማ ጭራሽ ጠዋት የሚዋጠውን በሙሉ ትታው ነበር፣ ያኔ ነው ግፊቷ 190 በ110 ደርሶ የተገኘው፣ እኔ ደግሞ ጨው ነው ብዬ ከቤት ውስጥ ጨው አጥፍቼ ነበር፣ ሽሮው እንደ ውሃ ነበር ሁላችንም የበላነው። ለካ ልጅቷ ያኔም በመቁጠር ነው ያወቀችው፣ ያኔ ለጤና ጣቢያው ሐኪም ነግራ የመድኃኒቱን ሰዓት ወደ ማታ ከምግብ በኋላ አስቀይራላታለች፣ ለንስሐ አባቷም ራሷ ሄዳ አስረድታ "መድኃኒት ነው፣ ዋጪ" አስብላታለች። ጾሙ ሲፈታ እማዬ ተመልሳ ወደ ጠዋት፣ ከዛ ረቡዕና አርብን መዝለል። እኔ አብሬያት አንድ ቤት እየኖርኩ አላውቅም። ሦስት ዓመት ሙሉ ለማን ብላ ቡና እንደምታፈላ አላውቅም ነበር።

ለምን ለኔ አልነገርሽኝም ስላት "አንቺ ትጮኺያለሽ" አለችኝ። እውነቷን ነው እጮሃለሁ።

ግፊቷ ሐሙስ 162 በ94 ነበር። ሰኞ ሐኪም ቀጠሮ ይዘንላታል። ልጅቷ ስትወጣ በር ድረስ ሸኝቻት "ስንት ቤት አለሽ?" ስላት "አሁን ሰው ስለለቀቀ ቀንሷል፣ ግን የሁለት ጓደኞቼን ቤት ተደርቦልኛል" አለች። ለመመለስ ታክሲ ከኪሷ ነው።

ወንድሜን ደወልኩለት። ክሊኒክ የሚከፍለው ለምርመራ ይክፈል፣ ላብራቶሪው ኬሚካል ሲያልቅ ይጠቅመናል ብዬ ተስማምተናል። መድኑን አርብ ጠዋት ወረዳ ሄጄ አድሼዋለሁ። እዛም ሰልፍ አለ፣ ደግሞ ጉርድ ፎቶ የለሽም ብለው መለሱኝ፣ ፎቶ ቤት ሄጄ ስመለስ ሻይ ሰዓት ሆነ፣ ከሻይ ሲመለሱ ሲስተም የለም፣ 9 ሰዓት ላይ መጣ። ማኪያቶ ያንተ ግማሽ እውነት ቦታዋ ላይ አለች።


አራት_ኪሎ_ማኪያቶ | ቅዳሜ ማታ 3:30

ሃሃሃሃ ተመስገን። ረቡዕና አርብ መዝለሉ ግን የኔም እናት እንዳታደርገው፣ አሁን ፌስታሏን ልቆጥር ነው


የመንታ_እናት | ቅዳሜ ማታ 3:48

እኛም ሐሙስ ተከተብን። ደውዬ ነው የሄድኩት። ሁለቱም ተኩሷቸው አድረዋል አሁን ተኝተዋል


ነጭ_ጋዋን | ቅዳሜ ማታ 4:02

ሰባ ደረጃ፣ ሰኞ ሐኪም ጋ ስትሄዱ የተረፉትን 11 ኪኒኖች በፌስታሉ እንዳለ ይዛችሁ ሂዱ፣ ረስታ ነው አትበዪ፣ እውነቱን ንገሪው አለበለዚያ መድኃኒቱ አልሰራም ብሎ መጠኑን ይጨምርላታል። ሰኞ ጠዋት ደግሞ ሰልፉ የከፋ ነው፣ ቁርሷን በልታ ትምጣ፣ የስኳር ምርመራው ሌላ ቀን ይሰራላታል።


ሰባ_ደረጃ | ቅዳሜ ማታ 4:10

እሺ ሲስተር። ብስኩትም እይዛለሁ